የውርርድ ቤት ትኬት ቆራጭ ልሁን ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ሥራ ከፈታሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አሁን ሰፈራችን ያለ የስፖርት ውርርድ ቤት ትኬት ቆራጭ አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው። ፈቃድ ያለው ቤት ነው፤ እኔም ተወራርጄ አላውቅም። የምታኖረኝ እናቴ ናት፣ እንጀራ እየሸጠች። «እሺ» ብዬ ከወጣሁ ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከደመወዜ አሥራት ባወጣስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። አሥራት ሳሙና አይደለም። የካህናት አለቆች እንኳ፣ ጌታን የገዙት ራሳቸው ሆነው ሳለ፣ ይሁዳ የመለሰውን ሠላሳ ብር የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ መባ አልጨመሩትም (ማቴ. 27፥6)። ስለዚህ ሥራው ራሱ ይመርመር።

ቀራጮችና ጭፍሮች መጥምቁ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» ሲሉት ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ፣ ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ነው ያላቸው (ሉቃ. 3፥12-14)። ግብር በቅንነት ሊሰበሰብ ይችላልና። የታክሲ ሹፌርም ሰካራም ይጭናል፤ ሰካራም ቢጠፋ ግን ታክሲው ሥራ አይፈታም። ውርርድ ቤት እንዲህ አይደለም። ተወራራጁ ካልተበላ ቤቱ ይዘጋል። አንተ ሳንቲም ሳታጎድል በቅንነት ብትሠራ፣ ቅንነትህ የሚያቀላጥፈው ያንኑ መብላት ነው።

አንድ ጊዜ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ፍለጋ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ ነበር። ወለሉ የተቀደደ ትኬት ለብሷል፤ ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ አንጋጧል። ልጁን ያገኘሁት መስኮቱ ጋ ነው፤ የወር የትምህርት ቤት ክፍያውን በሃምሳ በሃምሳ ብር እየቆጠረ ያስገባል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አላየችውም። ክፉ ሆና አይመስለኝም። ቀና ብላ ካየችው መሥራት አትችልም። አንተንም እንቅልፍ የነሣህ ይኸው ይመስለኛል። ሐዋርያው «በእምነትም ያልሆነ ሁሉ ኃጢአት ነው» ያለው (ሮሜ 14፥23) እየተጠራጠረ ለሚበላ ሰው ነበር፤ እየተጠራጠረ ለሚቀጠርም ይሠራል።

ፈቃዱ ከመንግሥት ቅጣት ያድናል፤ ቀኖና ሐዋርያት ግን ቁማርን አልተው ያለ ካህን ይሻር፣ ምእመን ይለይ ይላል። «እኔ አልወራረድም» ትለኛለህ፣ እውነት ነው። ሲኖዶስ የተባለው የሥርዓት መጽሐፋችን ላይ ሊጠመቅ የመጣ ሰው አስቀድሞ ሥራው ይጠየቃል። ሕፃናትን የአሕዛብን ትምህርት የሚያስተምር ቢተወው ይሻላል፣ ሌላ ሙያ ከሌለው ግን ይፈቀድለት ይላል። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ አባቶች ችግርን ያውቁ ነበር። ለጣዖት ጠራቢና ለዝሙት ቤት ባለቤት ግን እንዲህ አላሉም። ትኬት ቆራጩን ከየትኛው ልመድበው ብዬ ብዙ አሰብኩ። እንደ ባለቤቱ አይደለም፣ ነገር ግን ከመምህሩ ይልቅ ወደ ኋለኞቹ ይጠጋብኛል። ዛሬ እዚያ ተቀጥሮ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ሌላ ፈልግ፣ ከንስሐ አባትህም ጋር ጊዜ ቁረጥ እለው ነበር። አንተ ገና ደጅ ነህና አትግባ።

«እሺ» ማለትህ መሐላ አይደለም። ስልክ ዘግተህ አትጥፋባቸው፤ ሄደህ በአካል ንገራቸው። ከእነርሱ በፊት ግን ለእናትህ ንገራት፣ የምታቆመው እርሷ የጠበቀችውን ደመወዝ ነውና። ብትቆጣ ፍረድላት። እስከዚያው የተማርከውን ሒሳብ ለእርሷ ሥራበት፦ ጤፉ፣ ወፍጮው፣ መብራቱ ስንት እንደሚወስድ በደብተር ያዝላት፤ ከአንድ እንጀራ ምን እንደሚተርፋት ምናልባት ቆጥራው አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንጀራውን ለደንበኞቿ አንተ አድርስ።