መልስ፦ ቆመን ማየታችን ያስጠይቀናል ወይ?

እህቴ፣ እንኳን አተረፈሽ። እዚህ ጅማ የቡና መጋዘን ውስጥ ባልደረባችሁ ሌላውን በቢላ ሲወጋ ደንግጣችሁ ቆማችሁ ነበር፤ ይህ ያስጠይቀን ይሆን ብለሻል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 የሚቀጣው፣ በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ የተወውን ነው። ቢላ ከያዘ ሰው ጋር ታገሉ አይልም። ድንጋጤ ደግሞ እግር ያስራል፤ ራስሽን አትውቀሺ።

እርዳታው ወጊው ዘወር ሲል ይጀምራል። ቢላው በተወጋው ሰው ገላ ውስጥ ከቀረ አትንቀሉት፣ እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን ደግፋችሁ ያዙ። ካልሆነ ቁስሉን በንጹሕ ነጠላም ቢሆን አጥብቆ መጫን ነው። «ደሙ ቆመ እንዴ?» እያሉ ገለጥ ገለጥ ማድረግ የለም። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። አምቡላንሱ ከዘገየ ባጃጅም ይሁን፣ ቶሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል።

አንድ ነገር በጣም ያናድደኛል፦ ፖሊስ ሳይደርስ ወለሉን ማጠብ። ማስረጃው አብሮ ይታጠባል! ቢላውንም ማንም አያንሳ። ፖሊስ ሲገባ ማን ወጊ፣ ማን ገላጋይ እንደሆነ አያውቅም።

ቃል ስትሰጪ ያየሽውን ከሰማሽው ለይተሽ ተናገሪ። ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። ነገ ሽማግሌ መጥቶ «በእርቅ ይለቅ» ቢልሽም ቃልሽን እንዳትቀይሪ።