አንዲት አውሮፕላን ይዞ ፈረንሳይ የወረደው ሰው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የድሮዎቹ አውሮፕላኖች ሲወዳደሩ እንደ መኪና ጎን ለጎን ነበር እንዴ የሚሽቀዳደሙት? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ነኝና ይሄን ታሪክ አውርቼ አልጠግብም።

የመጀመሪያው ትልቅ ዓለም አቀፍ የበረራ ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1909፣ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሬምስ ከተማ አጠገብ ነው። ዝናብ ሜዳውን ጭቃ በጭቃ አድርጎት ነበር።

የፍጥነት ውድድሩ ሽልማት ለሆነው ለጎርደን ቤኔት ዋንጫ ሲወዳደሩ ጎን ለጎን አልበረሩም። በየተራ እየተነሱ ከሰዓት ጋር ነው የታገሉት። የ10 ኪሎ ሜትሩን ዙር ሁለቴ መዞር ነበረባቸው። አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ የመጣው በአንዲት አውሮፕላን ብቻ ነው። ብትሰበርበት አለቀለት! ሞተሩ ከጀርባው፣ እሱ ከፊት፣ ነፋስ ፊቱን እየገረፈው። ትከሻውን የያዘ ማቀፊያ ነበረው፤ ወደ ጎን ዘንበል ሲል የክንፎቹ መቆጣጠሪያ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በሰውነቱ ነበር የሚነዳት ማለት ይቻላል። በ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨረሰ። ከአንድ ወር በፊት እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባሕር፣ የእንግሊዝን ቻናልን፣ በአየር ያቋረጠው ፈረንሳዊው ብሌርዮ 6 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ተሸነፈ። ፍጥነታቸው በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዛሬ ሚኒባስ ይደርስበታል፤ ያኔ ግን ጉድ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን የርቀቱ ውድድር ነው። አንሪ ፋርማን ሳያርፍ 180 ኪሎ ሜትር በረረ። ኖም የሚባለው የአውሮፕላኑ ሞተር ራሱ ከነሲሊንደሮቹ ከፕሮፔለሩ (አየሩን እየቀዘፈ አውሮፕላኑን ከሚያስኬደው ተሽከርካሪ) ጋር ይሽከረከር ነበር፤ የሚያቀዘቅዘውም ያው ነፋሱ ነው።