ሚን እምቢ ካለሽ መጀመሪያ ኤስቲአር በዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ የምርቱን አማካይ በሚን ስትጠይቂ ለምን ኤንኤ (ዋጋ የለም) ይመልስልሻል? ኢንቫይሮንመንቱን (የአርን የሥራ ቦታ) ያጨናነቁትን ዳታዎች በሙሉ ብታጠፊያቸውስ? ለጊዜው ምንም አታጥፊ።

እኔም ባሶና ወራና ላይ የገብስ አምራቾችን መጠይቅ ስሠራ እዚሁ ጋ ተይዤ ነበር። በሄድ ትዕዛዝ ሳየው የመጀመሪያዎቹ 6 ረድፎች ንጹህ ቁጥር ናቸው። ቀኑን ሙሉ ፓኬጅ (የአር ተጨማሪ መሣሪያ) ስጭን ዋልኩ። ማታ የየዓምዱን ዓይነት የሚያሳየውን ኤስቲአር ስለው በአንድ መስመር ነገረኝ፤ የምርቱ ዓምድ ካራክተር፣ ማለትም ጽሑፍ ነው። ታች ወርጄ ስፈልግ አንዱ መረጃ ሰብሳቢ «12 ኩንታል» ብሎ ከነመለኪያው ጽፏል። ሌላው «ውርጭ መታው» ብሏል። እውነቱን ነው፣ እዚህ አገር ውርጭ ይመታል! ግን እንዲህ ያለ አንድ ቃል ከገባ ዓምዱ በሙሉ ጽሑፍ ይሆናል።

ታዲያ ዝም ብለሽ ወደ ቁጥር በሚቀይረው በአዝ ኑመሪክ አትለውጪው። «12 ኩንታል»ም ኤንኤ ይሆንና ደህናው መረጃ አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ በዩኒክ ምን ምን እንደተጻፈ እዪና አጽጂው። ዓምዱ ፋክተር (በመደብ የተከፈለ ጽሑፍ) ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ምንም ሳያስጠነቅቅ በምርቱ ፈንታ የመደቡን ኮድ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሰጥሻል። ስለዚህ አስቀድመሽ ወደ ካራክተር መልሺው። በፈረንጆቹ 2020 ከወጣው የአር 4.0 ቅጂ ወዲህ የዳታ ፋይል የሚያነበው ሪድ ሲኤስቪ ጽሑፍን በራሱ ፋክተር ማድረግ ትቷል፤ የቆየ ቅጂ ከጫንሽ ግን ተጠንቀቂ።

የቀኑንም ዓምድ እዪው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 30 «30/2» ተብሎ ከተመዘገበ ለአር ፌብሩዋሪ 30 ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ኤንኤ ያደርገዋል።

ወደ ማጥፋቱ ስንመጣ፣ አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ያሉትን ስሞች የሚዘረዝረውን ኤልኤስ ብል «ዳታ»፣ «ዳታ2»፣ «ዳታ የመጨረሻ»፣ «ዳታ የመጨረሻ እውነተኛ» ተደርድረዋል። ተናደድኩና ሁሉንም በአርኤም ጠረግኳቸው። አርኤም «እርግጠኛ ነህ?» አይልም። የቆሻሻ ቅርጫትም የለውም። ያጸዳሁት ኮንሶል (ትዕዛዝ በቀጥታ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ እየጻፍኩ ስለነበር ስክሪፕት (ትዕዛዞቹ የተቀመጡበት ፋይል) አልነበረኝም፤ የሁለት ቀን ሥራ ከኤክሴሉ እንደገና ተጀመረ።

አንቺ ያጸዳሽውን በሴቭ አርዲኤስ ፋይል አድርጊ፣ ትዕዛዞቹን ስክሪፕት ላይ ጻፊ። ከዚያ የማትፈልጊውን በስሙ እየጠራሽ አንድ በአንድ አጥፊ። ላፕቶፕሽ ከከበደው በኦብጀክት ሳይዝ ትልቁን ለዪና ከእሱ ጀምሪ። አሁን ግን የኤስቲአሩን ውጤት እዚህ ላኪውና የምርቱን ዓምድ እንየው።