ጥቁር ፍሬ የሚያወጣ ቁስል

ጥያቄ፦ ወንድሜ መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ እሾህ እግሩን ወግቶት ነበር። ይኸው ሁለት ዓመቱ። እግሩ አብጧል፣ ብዙም አያመውም፤ ግን ከትንንሽ ቀዳዳዎች ከመግሉ ጋር ጤፍ የሚያክል ጥቁር ፍሬ ይወጣል። በጥጥ ተጠርጎ የተወሰደው ናሙና በሁለተኛው ቀን «ምንም አልበቀለም» ተባለ። ፈንገስ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ ያ ወረቀት ፈንገስ የለም አይልም። የሁለት ቀን ካልቸር (ናሙናን ዘርቶ ተሕዋስያንን ማብቀል) የሚጠብቀው ባክቴሪያን ነው፤ ጥጡም የነካው የቁስሉን ላይኛ ክፍል ብቻ ነው። የገለጹት ምልክት በብዛት የሚታየው ማይሴቶማ ወይም «ማዱራ እግር» በሚባለው በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ትኩረት ከሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል።

ፍሬው ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ አይጣል። ጥቁር ከሆነ ፈንገስ መሆኑ ያመዝናል፣ ቀይ ከሆነ ባክቴሪያ ነው፤ ነጭና ቢጫው ከሁለቱም ሊሆን ስለሚችል ዓይን አይለየውም። መለየቱ ግድ ነው፤ ለፈንገሱ እንደ ኢትራኮናዞል ያለ መድኃኒት ለብዙ ወራት ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጨመርበታል፤ ለባክቴሪያው ደግሞ አንቲባዮቲክ ነው።

ፍሬ በቀላሉ ካልተገኘ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) የራሰ ንጹሕ ጎዝ ቀዳዳው ላይ ታስሮ ይደርና ጠዋት የተጣበቀው ይለቀማል። ላብራቶሪው ፍሬውን በሳላይን ደጋግሞ ያጥበዋል፤ ካልታጠበ የላዩ ባክቴሪያ ቀድሞ ካልቸሩን ይወርሰዋል። ከዚያ አንዱን ፍሬ ስላይድ ላይ አድርጎ የ10 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ይጨምርበታል፣ ሲለሰልስ ጫን አድርጎ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ከ2 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) የሚወፍር ክር ፈንገስ ነው፤ ከ1 ማይክሮን የቀጠነው ባክቴሪያ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሐኪሙ ከውስጥ ቆርጦ የሚወስደው ሥጋ (ባዮፕሲ) ነው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል፦ ሥጋው በሙሉ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ኬሚካል) ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን ፈንገሱን ይገድለዋል፣ ከዚያ በኋላ ካልቸር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ናሙናው ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ፎርማሊን ውስጥ ሆኖ ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል)፣ ሌላው እንዳይደርቅ ጥቂት ሳላይን ባለበት ንጹሕ ዕቃ በዚያው ቀን ወደ ላብራቶሪ። መጠየቂያው ላይ «የፈንገስ ካልቸር፣ ማይሴቶማ ተጠርጥሮ» ተብሎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ናሙናው የተዘራበት ሳህን በሁለት ቀን ይጣላል። በሳቡሮ አጋር (ፈንገስ ማብቀያ ምግብ) ላይ «አልበቀለም» ለማለት ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። የፈንገስ መድኃኒት ከናሙናው በፊት ከተጀመረ ውጤቱን ስለሚያደበዝዝ ለሐኪሙ ይነገረው። አጥንት ነክቶ እንደሆነ ራጅም ይነሣ።

ጥያቄ፦ አልጋ ላይ የዋለችው እናቴ ቁስል በጥጥ ተጠርጎ (ስዋብ) ተመርምሮ «ካንዲዳ» ተባለ። መድኃኒት ትጀምር?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይደለም። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ቆዳና እርጥብ ቁስል ላይ ሳይጎዳ ሊኖር ይችላል፤ ሐኪሟ ከውስጥ የተወሰደ ሥጋ ያስመርምር። እናትዎ ስኳር ካለባት እና ቁስሉ በቀናት ውስጥ እየጠቆረ ከሰፋ ግን ውጤት ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ሙኮር የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ላብራቶሪውም ይነገረው፦ ይህን ፈንገስ መፍጨት ስለሚገድለው ሥጋው ሳይፈጭ በትንንሹ ተቆርጦ ነው የሚዘራው።