ስኩባ ልትማር ነው? መጀመሪያ ፎርሙን አስፈርም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። «ጎንደር ነኝ። ቦርሳዬን አዝዬ የሆነ የባሕር ዳር ከተማ ሄጄ ስኩባ ዳይቪንግ መማር እፈልጋለሁ። ዋና እምብዛም ነኝ። የት ይሻላል? ምን ላዘጋጅ?» ብለሃል። (ስኩባ ለማያውቅ፦ የአየር ሲሊንደር ጀርባ ላይ አዝሎ ባሕር ሥር መጥለቅ ነው።) ከሥር የተሰጡህን መልሶችም አነበብኳቸው። ግማሹ ሰው «ባሕር ዳር ከተማ» የምትለዋን ብቻ አይቶ ስለ ጣና ዓሣ ጉላሽ ጽፎልሃል። ሌላው «ምን ጎደለህ?» ብሎሃል። እኔ ግን ሄጄ፣ ተምሬ፣ የጠላቂነት ማረጋገጫ ካርዴን ይዤ መጥቻለሁ። ከፒያሳ እስከ አዘዞ የጠላቂ ካርድ ያለው ሌላ ሰው ካለ ይውጣና ይናገር።

1. ቦታው። ዳያኒ ሂድ። ኬንያ ነው፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የምጽዋና የዳህላክ ነገር እኔንም ልቤን ይበላዋል፣ ግን ጊዜው አይደለም። ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ የሚባለው ትልቁ ዓሣ ይታያል። ኪስህን ግን ታቃጥለዋለች። ኬንያ ለኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። አለቀ።

ከጥምቀት ማግስት ውጣ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ካስካዚ የሚሉት ነፋስ ነው የሚነፍሰው፤ ባሕሩ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል። ከሚያዝያ ወዲያ ኩሲ የሚሉት ሌላ ነፋስ ይነሣል፣ ዝናቡም አብሮ ይመጣል። ያኔ ብትሄድ የምታየው የራስህን እጅ ብቻ ነው።

2. ሐኪሙ። እዚህ ጋ ቁጭ ብለህ አንብብ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ትምህርት ቤቱ ገና ስትመዘገብ የጤና መጠይቅ ይልክልሃል። አሥር ጥያቄ ነው። ሁሉንም «የለም» ካልክ ፈርመህ ትገባለህ። አንዱን «አዎ» ካልክ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ዝርዝር ይከፍትልሃል፤ እዚያም «አዎ» ካልክ ሐኪም ሳይፈርምልህ እግርህን ውሃ ውስጥ አታስገባም። አንዱ ጥያቄ ባለፉት 12 ወራት ሳይነስ ተመላልሶብሃል ወይ ይላል። እኔ እውነቱን ተናገርኩ። አንተም ሳይነስ እንዳለብህ አልጠራጠርም። ይሄን ብርድና አቧራ እየዋጠ አድጎ ሳይነስ የሌለበት የጎንደር ሰው አሳየኝ።

ፎርሙን አትሜ እዚሁ ከተማችን ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍሏ ያለችው ልጅ «ለምንድን ነው?» አለችኝ። «ባሕር ውስጥ ልጠልቅ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «የአእምሮ ሐኪም ሐሙስ ነው የሚገባው» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ዶክተሩ ደግሞ የባሰ ነው። ደረቴን አዳመጠ፣ ጆሮዬን በባትሪ አየ። ፎርሙን ገለበጠው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፦ ተፈቅዷል፣ አልተፈቀደም። አንዱን መርጦ መፈረም ብቻ ነው። «እኔ የማላውቀው ወረቀት ላይ አልፈርምም» አለ። «ጤነኛ ነህ። ጣና እዚሁ እያለልህ ምን አንከራተተህ?» ከዚያ የራሳቸውን ወረቀት አወጣና የተለመደውን ጻፈልኝ፦ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ ተመርምረው ለማንኛውም ሥራ ብቁ ሆነው ተገኝተዋል»። ክብ ማኅተም አደረገበት። እኔም ማኅተሙን ሳይ ደስ አለኝ። አየህ፣ ጥፋቴ ይሄ ነው። እኛ ሀገር ማኅተም ካለው ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

ዳያኒ የደረስኩት ዓርብ ከሰዓት ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ወረቀቱን ተቀበለ። ወደ ላይ ያዘው። ዘቀዘቀው። «ምን ይላል?» አለኝ። «ለማንኛውም ሥራ ብቁ ነው ይላል» አልኩት። «ፎርሙስ?» ፎርሙ ባዶ ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ሻይም ጋበዘኝ፣ ግን ንቅንቅ የለም። የሚፈርመው ሐኪም ሰኞ ነው የሚገባው አለኝ። ቅዳሜንና እሑድን ነጭ አሸዋ ላይ ተቀምጬ ሌሎች ሲጠልቁ ሳይ ዋልኩ። እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎም ዝንጀሮ ነጠቀኝ። (የዳያኒ ዝንጀሮዎች ያለ ሐፍረት ናቸው፤ ከቦርሳ ዚፕ ይከፍታሉ።) ሰኞ ዕለት ሐኪሙ አምስት ደቂቃ አየኝ፣ 40 ዶላር ተቀበለኝ፣ ፈረመ። ያቺው ሳጥን።

40 ዶላሩ ባልከፋ። ጉዱ ከዚያ በኋላ መጣ። ለዚህ ግን መጀመሪያ የባንኩን ልንገርህ።

3. ዶላር። ከመሄዴ በፊት ባንክ ገብቼ ለመንገድ የውጭ ምንዛሪ ጠየቅኩ። «የአውሮፕላን ቲኬት» አሉኝ። በአውቶቡስ ነው የምሄደው ብል ሰሚ የለም። እንግዲያው ብዬ ከሞምባሳ አዲስ አበባ የሚመልሰኝን ቲኬት ገዝቼ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ አየና «ይሄ እኮ የመምጫ ነው። የመሄጃውን አምጣ» አለኝ። ወንድሜ፣ ሳልሄድ እንዴት ነው የምመጣው? በመጨረሻ ሌላ ባንክ ሰጠኝ። ቲኬቱ ግን ተቆርጧል። ቀኑም ያለ ክፍያ አይነቃነቅም፦ ዓርብ ከሰዓት።

አሁን ቁጠር። ሰኞ ተፈረመልኝ። ማክሰኞና ረቡዕ ገንዳ። ሐሙስ ሁለት ጠለቃ። ዓርብ ጠዋት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ። ካርዱ የሚሰጠው ባሕር ላይ አራት ጊዜ ከጠለቅክ በኋላ ነው። አስተማሪዬ ሐሙስ ማታ «መቼ ነው የምትበረው?» ሲለኝ «ነገ ከሰዓት» አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው ሥር ሆነህ ስትተነፍስ ናይትሮጅን በግፊት ሰውነትህ ውስጥ ይሟሟል። በቀስታ ስትወጣ በትንፋሽህ ይወጣል። ቶሎ ከፍ ካልክ ግን እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ይፈላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለህ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ደጋግመህ ከጠለቅክ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትቆይ አትበርም። ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አዲስ አበባም 2,300 ገደማ። እኛ እኮ ስንወለድ ጀምሮ አውሮፕላን ውስጥ ነን። የባሕር ጠረፍ ሰው ጠልቆ ወጥቶ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ያንተ ቤት ሰማይ ላይ ነው። ይሄን አስበህ ቲኬት ቁረጥ።

አስተማሪው «ወይ ጠለቃውን ተው፣ ወይ በረራውን» አለኝ። በረራውን ተውኩ። መቀየሪያ 100 ዶላር፣ ሁለት ተጨማሪ አዳር፣ ምግብ። ኮርሱ ራሱ 500 ዶላር አካባቢ ነው የፈጀብኝ። የአንድ ፊርማ ዋጋ አስላው።

መዋኘቱን በተመለከተ አትፍራ። የሚፈልጉት 200 ሜትር ሳታቋርጥ መዋኘት ነው፤ በሰዓት አይለኩህም። ከዚያ አሥር ደቂቃ ተንሳፍፎ መቆየት። የኛ ሰፈር ልጅ የዋና ትምህርቱ በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ጥር 11፣ ፋሲል መዋኛ። ዘሎ ገብቶ፣ ተንቦጫርቆ፣ በረከቱን ይዞ መውጣት። እሱ አይበቃህም፤ ሁለት ወር ሆቴል ገንዳ ውስጥ ተለማመድ። ጎርጎራ ሄጄ ጣና ላይ ልለማመድ እንዳትል። ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ሐኪም ፊት ሌላ «አዎ» ይዘህ ትቀርባለህ።

4. መንገዱ። ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር፤ ለምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ከዚያ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፤ ሁለት ቀን በለው። ሞያሌ ላይ ቢጫ ካርድ ይጠይቁሃል። የቢጫ ወባ ክትባት አንዴ ከተወጋህ ለዕድሜ ልክ ነው፣ ግን ከጉዞህ አሥር ቀን ቀድመህ ተወጋ። ከኔ ኋላ የነበረ ልጅ ሳይኖረው መጥቶ እዚያው ቀረ፤ ምን እንደደረሰበት እንጃ። ከሞያሌ ናይሮቢ የሌሊት አውቶቡስ አለ። ከናይሮቢ ሞምባሳ ባቡሩን ያዝ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ በመስኮት ዝሆን ታያለህ። ሊኮኒ ላይ በጀልባ ትሻገራለህ፤ ለእግረኛ ነፃ ነው፣ «ልርዳህ» ለሚልህ ሁሉ እንዳትከፍል። ከዚያ ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲያቸው ነው) እስከ ኡኩንዳ፣ ከኡኩንዳ ዳያኒ ባጃጅ። እነሱ ቱክቱክ ይሉታል።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ። ውሃው ሥር ያለውን ልንገርህና ላብቃ።

መጀመሪያ ነገር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አይደለም፣ ተራ አየር ነው። ቤት ስመለስ ሁሉም «ኦክስጅኑ ቢያልቅስ?» ነው የሚለኝ። ሁለተኛ፣ ትንፋሽህን በጭራሽ አትያዝ። ሦስተኛ፣ ጆሮህ። ሁለት ሦስት ሜትር ስትወርድ መጫን ይጀምራል። አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ ንፋ። «ጢጥ» ይላል፣ ይከፈታል። ካልተከፈተ ትንሽ ወደ ላይ ተመለስና ድገመው። አስተማሪዬ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፣ አልተቆጣም። «ፖሌ ፖሌ» ነው ቋንቋቸው፣ ቀስ በቀስ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጠለቃ ላይ አሥር ሜትር ገደማ ወርደን አንድ ኤሊ መጣች። ዕድሜዋ ከኔ የሚበልጥ ይመስላል። ኮራል ላይ ተደግፋ አረንጓዴ ነገር ትግጣለች፣ ዞር ብላም አላየችኝም። አስተማሪው በእጁ «ደህና ነህ?» አለኝ። እኔ በደስታ አውራ ጣቴን ቀሰርኩ። ክንዴን ያዘና ወደ ላይ ይዞኝ ወጣ። ለካ አውራ ጣት ማለት «እንውጣ» ነው! ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣትህን ታጋጥማለህ፣ ቀለበት ትሠራለህ። ተመልሰን ስንወርድ ኤሊዋ ሄዳለች። እስካሁን ይቆጨኛል። ዓርብ ሌላ አየን፣ ግን ያቺ አይደለችም።

ካርዱ እስከ 18 ሜትር ያስጠልቃል፣ ጊዜውም አያልፍበትም።

እና ነገ ተነሥተህ ፎርሙን አሳትም። ክሊኒክ ስትገባ የመጨረሻውን ገጽ ከላይ አድርገህ ስጥ። የራሳቸውን ወረቀት ሊጽፉልህ ሲነሡ «ይሄኛው ላይ ነው ዶክተር» በል፣ ሳጥኑ ላይ ምልክት ሳያደርግ ከወንበርህ አትነሣ። ካርድ ክፍል በጠዋት ድረስ፣ ሰልፍ አለው። ማስክ (የመጥለቂያውን መነጽር) እንዳትገዛ፣ እኔ አለኝ፣ አውስሃለሁ። ጠርዟ ላይ ትንሽ ተጭራለች፣ ውሃ ግን አታስገባም። መልሰህ ታመጣታለህ እንጂ።