ግዙፍ ልጅ ካነሰህ 3-3-5 ሞክር

«የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኔ ውስጥ ግዙፍ የመስመር ተከላካይ አንድ ብቻ ነው ያለኝ፤ ቀላልና ፈጣን ልጆች ግን ሞልተዋል። 4-3 ይሻላል ወይስ 3-4?» ላልከው (ቁጥሮቹ ተከላካዮች ከፊት ወደ ኋላ የሚሰለፉበት ናቸው)፣ ሁለቱንም ተዋቸው። 3-3-5 ተጫወት። ሦስት ልጅ መስመር ላይ፣ ሦስት ላይንባከር (ከመስመሩ ጀርባ የሚቆሙ ተከላካዮች)፣ አምስት ከኋላ።

4-3 አራት ጠንካራ የመስመር ልጅ ይፈልጋል። አንተ ጋ የሉም። ያንን ግዙፍ ልጅ ከተጋጣሚው ሴንተር (መሃል ላይ ሆኖ ኳሱን ከሚያስጀምረው ልጅ) ፊት ለፊት አቁመው። ፈጣኖቹን አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ላካቸው። ኳርተርባኩ (ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው የተጋጣሚ ልጅ) ማን እንደሚመጣበት ቀድሞ ማወቅ የለበትም። በጉልበት ያጣኸውን በዚህ ታካክሳለህ።

የአሜሪካው የኮሌጅ ቡድን አዮዋ ስቴት እ.ኤ.አ. በ2017 ሦስት ሴፍቲ (የመጨረሻ ተከላካይ) ከኋላ ማሰለፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት ኦክላሆማን እዚያው በኦክላሆማ ሜዳ አሸንፏል። በጣም የምወደው ጨዋታ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። በረዳትነት በሠራሁበት ትንሽ ኮሌጅ፣ በተሸነፍን ቁጥር አሰላለፍ እንቀይር ነበር። ልጆቹ ግራ ገባቸው። ኳሱ ተነስቶ እንኳ «የኔ ቦታ የት ነው?» እያሉ ይቆማሉ። ፍጥነታቸው እዚያው ቀረ። መሃል ለመሃል በሩጫ ሲያጠቁህ ትጎዳለህ፤ ያኔ አሰላለፉን አታፍርሰው፣ አንድ ሴፍቲ ወደ ፊት አስጠጋ።