ደብል መቼ ያዋጣል? ካርታ ስለመቁጠር ጥያቄና መልስ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ብላክጃክ ሳከፋፍል ኖሬያለሁ፤ የካርታህ ድምር ከ21 ሳያልፍ አከፋፋዩን ስትበልጥ የምታሸንፍበት ጨዋታ ነው። እዚህ ካዚኖ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ጥያቄውም አያልቅም። ያመጣችሁትን ልመልስ። ቁማር ጀምሩ ማለቴ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ደብል ምንድን ነው? እኔ የማውቀው ኮንከር ብቻ ነው።

ያስያዝከውን ገንዘብ እጥፍ ታደርጋለህ፤ የሚሰጥህ ግን አንድ ካርታ ብቻ ነው። ጨምርልኝ ማለት የለም። ደግሞ ኮንከር ብቻ አትበል፤ እዚያም የተጣለውን የሚያስታውስ ነው የሚያሸንፈው። ካርታ መቁጠርም ከዚህ አይርቅም፦ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ቆጠራውስ እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚጠቀመው ሃይ ሎ የሚባለውን ነው። ከ2 እስከ 6 ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ትጨምራለህ። 7፣ 8 እና 9ን ትተዋቸዋለህ። አስር፣ እንደ አስር የሚቆጠሩት ባለሥዕሎች ወይም አስ ሲወጣ አንድ ትቀንሳለህ። ድምሩን ገና ላልወጣው ፓኮ (ባለ 52 ካርታ ጥቅል) ብዛት ታካፍላለህ። ድምሩ 12 ሆኖ 3 ፓኮ ከቀረ ቁጥርህ 4 ነው። ከዚህ በኋላ ቁጥር ስል ይሄንን ነው።

ጥያቄ፦ ደብል የምናደርገው የማሸነፍ ዕድላችን ስለሚጨምር ነው አይደል?

አይደለም፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ደብል ስታደርግ የምታሸንፍበት ጊዜ ብዛት ያንሳል እንጂ አይበልጥም። 11 ይዘህ 2 ቢመጣብህ 13 ላይ ቁጭ ትላለህ፤ መጨመር አትችልም። ጥቅሙ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። በእጥፍ ብር በአንድ ካርታ የምታገኘው፣ በነጠላው እየጨመርክ ከምታገኘው ሲበልጥ ብቻ ደብል ያዋጣል። አስሮቹ በብዛት ሲቀሩ ያቺ አንድ ካርታ የመጣፈጥ ዕድሏ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቁጥሩን አይቼ የምቀይረው የትኛውን ነው?

ጥቂቱን ብቻ። 9 ይዘህ አከፋፋዩ ገልጦ ያስቀመጣት ካርታ 2 ከሆነች፣ ቁጥሩ 1 ሲደርስ ደብል። 7 ካሳየ 3 ሲደርስ። 11 ይዘህ አስ ካሳየ ደግሞ የጠረጴዛውን ሕግ እይ፤ አከፋፋዩ አስ እንደ 11 ተቆጥሮ በሚመጣ 17 ላይ የሚቆም ከሆነ ቁጥሩ 1 እስኪደርስ ጠብቅ፤ የሚጨምር ከሆነ ሳትቆጥርም ደብል ነው።

ልብ የሚፈትነው 10 ይዘህ አከፋፋዩም 10 ሲያሳይ ነው። 4 ሲደርስ ደብል። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ 6 እና 4 ይዞ 200 ዶላር አስይዟል። እኔ ንጉሥ አሳይቻለሁ። ከትናንሾቹ ካርታዎች አብዛኞቹ ረግፈዋል፤ ሥራዬ ሆኖ ሳልፈልግም እቆጥራለሁ። ሌላ 200 በቺፕ ሲደረድር ጣቱ ይንቀጠቀጣል። የሰጠሁት 3 ነበር። የእኔ 20። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሁሉ እንደ ጅል አዩት። ሰውዬው ግን አልተሳሳተም።

ጥያቄ፦ እኔ አውሮፓ ነኝ። ይሄ ለእኔም ይሠራል?

ጠንቀቅ በይ እህቴ። አሜሪካ ውስጥ አከፋፋዩ አስር ወይም አስ ሲያሳይ ብላክጃክ (አስ ከአስር ጋር፣ በሁለት ካርታ 21) መያዙን ቀድሞ ያያል። አውሮፓ ግን ብዙ ቦታ ሁለተኛ ካርታውን የሚወስደው እናንተ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው። ብላክጃክ ከወጣለት እጥፍ ያደረግሽው ሁሉ ይበላል። ስለዚህ እዚያ 11 ይዘሽ አስር ወይም አስ ሲያሳይ፣ ቁጥሩ ከፍ ካላለ በቀር ካርታ መጠየቅ ብቻ ነው የሚሻልሽ።

ጥያቄ፦ ካርታ መቁጠር ያሳስራል እንዴ?

በጭንቅላት መቁጠር ኔቫዳ ውስጥ ወንጀል አይደለም፤ ካዚኖው ግን ያስወጣሃል። በመሣሪያ መቁጠር ከ1985 ጀምሮ ያሳስራል። ኒው ጀርሲ ውስጥ ደግሞ በ1982 ፍርድ ቤት ስለቆጠረ ብቻ ማስወጣት አይቻልም ብሏል፤ ካዚኖዎቹ ቶሎ ቶሎ መበወዝ ያዙ።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ባለው ጨዋታስ?

አብዛኛው በየዙሩ እንደ አዲስ ይበውዛል። ምኑን ትቆጥራለህ?

ጥያቄ፦ ደብል ሳደርግ ካርታዬን ደፍቶ ሰጠኝ። ልቁጠረው?

በእጅ በሚታደልበት ጠረጴዛ የተለመደ ነው። እስኪገለጥ ድረስ ያልወጣ አድርገህ ያዘው።